ለአጥንት ዋስ

ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ሥራዬ የሰው ቁስል ምን ያህል ጥልቅ እንደነበረ በቁጥር መጻፍ ነበር። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናውን ሲጨርስ ያደረገውን በግማሽ ገጽ ያሰፍራል። ወረቀቱ ከበሽተኛው ካርድ ጋር ወደ እኛ ይመጣል። እኔ አነበውና ለተደረገው ነገር የተሰጠውን ቁጥር ከኮድ መጽሐፉ ፈልጌ እመዘግባለሁ። ሪፖርቱም፣ የጤና መድኅኑም ጉዳይ የሚሄደው በዚያ ቁጥር ነው።

ይህን ሥራ ማንም አላስተማረኝም። የተቀጠርኩት ካርድ ከመደርደሪያ እያወጣሁ ወደ ሐኪሞቹ ክፍል እንዳመላልስ ነበር። የኮድ መጽሐፉ በፍላሽ መጥቶ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ በኋላ የሚከፍተው ሰው ጠፋ። እኔ ምሳ ሰዓት ላይ መክፈት ጀመርኩ። የማላውቀውን ቃል ከመዝገበ ቃላት እየፈለግሁ፣ የሰውነት ክፍሎች ሥዕል ካለበት ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ ጋር እያስተያየሁ አነብ ነበር። ሲገባኝ ደስ ይለኛል፤ ካልገባኝ እዚያው ገጽ ላይ እቆያለሁ። የሚያጣድፈኝ አልነበረም።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መሰማማት ስለማንችል ሁላችንም ዝም ብለን እንሠራለን። ያን ጊዜ እወደው ነበር። የክፍሉ ኃላፊ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት፣ ቅቅል ድንች በፌስታል ይዘው ይመጣሉ። የጉና ድንች ነው፤ ገና በጣት ሲነካ ልጣጩ ይገፈፋል። መጀመሪያ እጃችንን እናሞቅበትና ቀጥሎ እንበላዋለን።

«አንተ ልጅ፣» ይሉኛል እትዬ ከኮምፒውተሩ አልነሳ ስላቸው፣ «ልታገባው ነው እንዴ? ካሰብክ ንገረን፣ ሽማግሌ እንላክ።»

ከኮዶቹ ሁሉ መጀመሪያ ያስቸገረኝ፣ በኋላ ግን ከሁሉም የወደድኩት፣ የተበከለና የሞተ ሥጋ ተቆርጦ የሚወጣበት ነው። ሐኪሞቹ ዲብራይድመንት ይሉታል። ደንቡ አንድ ነው። ቁጥሩን የሚወስነው ተቆርጦ ከወጣው ሁሉ ጥልቁ ነው። ቆዳ ብቻ ከሆነ የራሱ ቁጥር አለው። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ከወጣ ሌላ፣ ጡንቻ ከወጣ ሌላ፣ አጥንት ከወጣ ደግሞ ሌላ። ሐኪሙ አጥንቱን ማየቱ አይበቃም፤ ማየትና ማውጣት ለየብቻ ናቸው። ከዚያ የወጣበት ቦታ ስፋት፣ ቁመቱና ወርዱ፣ ይጨመርበታል።

ችግሩ የእኛ ቀዶ ሐኪም ሲጽፍ ቁጥብ መሆኑ ነበር። ወጣት ነው፤ ያደገው አዲስ አበባ ነው፤ እጁ ፈጣን ነው ይሉታል። ወረቀቱ ላይ ግን ብዙ ጊዜ «ቁስሉ በሚገባ ጸድቷል» ብሎ ይፈርማል። ጸድቷል ማለት ታጥቧል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ተቆርጧል ማለትም ሊሆን ይችላል። እኔ ገምቼ አልጽፍም። ስለዚህ ወረቀቱን ይዤ፣ ግቢውን አቋርጬ፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ እስኪወጣ እጠብቀዋለሁ።

«ዶክተር፣ እስከ የት ነው የቆረጡት?»

«መጣህ? አንተ እኮ መርማሪ ፖሊስ ትሆን ነበር፣» ይለኛል። ግን አንድም ቀን ሳይመልስልኝ አልቀረም። አንዳንዴ እንደውም ቆሞ በገዛ ክንዱ ላይ በጣቱ እያሳየ ያስረዳኛል። ስለ ጡንቻ ሽፋን ያወቅሁት እንደዚያ ነው።

አንድ ዓመት በጥቅምት አንድ ሽማግሌ ወደ እኛ መጡ። ከገሳይ ከተማ በላይ፣ ከጉና ተራራ ሥር፣ ገብስና ድንች የሚያመርቱ ሰው ናቸው። ክረምቱ ሲገባ በቅሎ ቅልጥማቸውን ረግጣቸው ቆሰለ። ሰው ዋንዛዬ ፍል ውሃ ይውረዱ አላቸው፤ ወርደው ውሃው ውስጥ ሰነበቱ። ቁስሉ ከላይ ደረቀ። ደስ ብሏቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከላይ የደረቀው ከሥር ሲበላ ቆይቶ መስከረም ላይ እግራቸው አብጦ መግል ማውጣት ሲጀምር፣ ደብረ ታቦር የምትኖረው ልጃቸው ሄዳ አመጣቻቸው። ልጅቷ ከዓረብ አገር ተመልሳ ገበያው አጠገብ የላስቲክ ጫማና የስልክ ሽፋን የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከፍታለች። አባቷ ሆስፒታል እስካሉ ድረስ ሱቁን እየዘጋች ታስታምማቸው ነበር።

ሽማግሌው ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ከመግባታቸው በፊት አንድ ነገር አዘዙ። «ሥጋውን ጣሉት። አጥንት ከወጣ ግን ለልጄ ስጡልኝ።»

ለምን ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። በእኛ አገር እግሩ ወይም እጁ የተቆረጠ ሰው የተቆረጠውን ቤተ ዘመዱ ወስዶ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይቀብርለታል፤ ቀሪው አካል ቀኑ ሲደርስ እዚያው ይከተላል። እሳቸውም የጎረቤታቸውን እግር ቀብረው ያውቃሉ። ከጎናቸው ያለው አልጋ ላይ ክንዱን ተሰብሮ የተኛ የከተማችን ሙስሊም ልብስ ሰፊ ነበር። ራሱን ነቀነቀ። «እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው አባባ፤ የተቆረጠ አካል አይጣልም።»

በማግስቱ ጠዋት የቀዶ ሕክምናው ወረቀት ደረሰኝ። ቁስሉ በሚገባ ጸድቷል፤ ይላል። ልጠይቅ ከወንበሬ ስነሳ ልጃቸው መስኮቱ ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ወንድም፣ የአባቴ ወረቀት እናንተ ጋ ነው አሉኝ። አጥንት ወጥቷል ይላል?»

«አይልም።»

«አልወጣም ነው የሚለው?»

«እሱንም አይልም።»

«እና ምን ይላል?»

«ጸድቷል ይላል።»

ለአፍታ አየችኝ። «እዚህ ቤት ቃል በራሽን ነው እንዴ የሚሰጠው?»

እትዬ ከኋላዬ ሳቁ። እኔ ያንኑ ጥያቄ ይዤ ወደ ሐኪሙ እየሄድኩ መሆኔን ነገርኳት። አላመነችኝም። «አንተ ደግሞ የአባቴ አጥንት ምን ያደርግልሃል?» አለች። ለቁጥሩ ነው አልኳት። ያን ጊዜ ይበልጥ ግራ ገባት መሰለኝ፤ ግን ተከተለችኝ። ግቢውን ስናቋርጥ ነጠላዋን በነፋሱ እየሰበሰበች ትሄድ እንደነበር አስታውሳለሁ። ጥቅምት ደብረ ታቦር ላይ ፀሐዩ እያለም ነፋሱ ይቆርጣል።

ሐኪሙ በሩ ላይ ቆቡን እያወለቀ አገኘነው። ሁለታችንም አንድ ነገር ጠየቅነው።

«ዛሬ ሁሉም ሰው ስለ አጥንት ነው የሚጠይቀኝ፣» አለ። ከዚያ ግን በሥርዓት መለሰ። ቆዳው፣ ስቡና የሞተው ጡንቻ ተቆርጦ ወጥቷል። የአጥንቱ ላይኛው ገጽም ሞቶ ስለነበር በመፋቂያ ተፍቋል። የወጣው ብናኝ ነው፤ ከደሙና ከመግሉ ጋር ፋሻው ላይ ቀርቷል፤ ፋሻው ደግሞ ወደ ማቃጠያው ሄዷል። «እውስጥ የሞተ ቁራጭ አጥንት አለ። ሰውነታቸው ትንሽ ሲጠነክር ከነገ ወዲያ ገብተን እናወጣዋለን። ካልወጣ መግሉ ወደ ጉልበት ይወጣል።»

እኔ መልሴን አገኘሁ። የተፋቀም ቢሆን አጥንት ወጥቷል፤ ቁጥሩ የአጥንት ነው። እሷ ግን መልሱን ይዛ የምትሄድበት ጠፋት።

«ተቃጠለ ብዬ ልንገራቸው?» አለችኝ ስንመለስ።

«ሐኪሙ ያለውን ንገሪያቸው።»

«አባቴን አታውቃቸውም።»

ያን ዕለት የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። ወደ አልጋ ክፍሉ አልተመለሰችም። ገበያ ወርዳ አንድ ምግብ ቤት ጓሮ ገብታ፣ ከሥጋው የተለየ አጥንት ለምና፣ አንዷን ስብርባሪ መርጣ አጠበችና በንጹሕ ፋሻ ጠቀለለቻት። በማግስቱ ጠዋት እኔ የሽማግሌውን ካርድ ለመመለስ ስገባ ፋሻው እጃቸው ላይ ተፈቷል።

«ይህ የኔ ነው?» አሉ።

«አዎ አባዬ።»

በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፋቅ አደረጉት። አሸተቱት። ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አገላበጡት።

«ተቀቅሏል።»

«ለጀርሙ ነው አባዬ፤ ሲሰጡ ቀቅለው ነው።»

«ጨውም ይጨምሩበታል?»

ልብስ ሰፊው ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ሳበ።

«የበግ ነው፣» አሉ ሽማግሌው። «ያውም የቆላ በግ። የእኛ በግ ቅልጥሙ ወፈር ይላል። ልጄ፣ ከበግ ጋር ልታስቀብሪኝ ነበር? በትንሣኤ ቀን ሌላው ሰው በሁለት እግሩ ሲቆም እኔ ባንዱ ሰው ሆኜ ባንዱ ልጋጥ?»

«አታስቁኝ እባካችሁ፣ ክንዴ!» ይላል ልብስ ሰፊው ከብርድ ልብሱ ውስጥ። «አንቱ አባባ፣ እድለኛ ነዎት። የእኔን ልጆች ቢልኩ የፍየል ነበር የሚያመጡት።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ነርሷ ሳቀች፤ እኔም ካርዱን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ። ያልሳቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። አጥንቷን ፋሻው ላይ መልሰው አስቀመጡና እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡ።

«የመጀመሪያው ጠፍቶባችኋል ማለት ነው። እንግዲያስ ሁለተኛውን አትነኩም። አገሬ መልሱኝ።»

ሳቁ እዚያው ቀረ። ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በትዕግሥት ነገራቸው። ትኩሳቱ እየጨመረ ነው፤ ቁራጩ ነገ ካልወጣ መግሉ ወደ ጉልበት ይወጣል፤ ያን ጊዜ እግሩን ከጉልበት በላይ መቁረጥ ይመጣል።

«እሱስ ትልቅ ነው፣» አሉ ሽማግሌው። «አይጠፋባችሁም።»

ማንም አልሳቀም። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ካርዱን ይዤ በሩ አጠገብ ነበርኩ። ሐኪሙ በተማረው ቋንቋ የሚቻለውን ያህል ተናግሯል፤ ሽማግሌው የጠየቁትን ግን እስካሁን የመለሰላቸው የለም። የጠየቁት አጥንቴ የት ገባ ነው። መልሱን እኔ ትናንት ጽፌዋለሁ።

ሰው መካከል የምናገር ሰው አልነበርኩም። እንዴት እንደጀመርኩ አላውቅም።

«አባባ፣ ቀንድ ሲፋቅ አይተው ያውቃሉ?»

ዞር ብለው አዩኝ። «ዋንጫ ራሴ ሠርቻለሁ።»

«ሲፋቅ የሚወርደው ምንድን ነው?»

«ብናኝ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?»

«ከእርስዎ የወጣው እሱ ነው። ቁራጭ አልወጣም። መጀመሪያ ቆዳው ወጣ፣ ቀጥሎ ስቡ፣ ቀጥሎ የጠቆረው ሥጋ። አጥንቱ ላይ ሲደርሱ ላዩን ፋቁት። ብናኙ ፋሻው ላይ ነበር፤ ፋሻው ተቃጥሏል።»

«ተቃጥሏል?»

«ተቃጥሏል።»

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ይህችን ቃል መናገር አቅቶሽ ነው ሰው ጓሮ አጥንት ስትለምኚ የዋልሽው?»

«ይቆጣሉ ብዬ ነው።»

«እቆጣለሁ እንጂ። ተቆጥቼ ይበርድልኛል። ዱቄት ምን ብዬ ልቅበር? ከሰው ላይ ስንት ነገር ይረግፋል።» ወደ ሐኪሙ ተመለሱ። «የነገውስ? እሱም ብናኝ ነው?»

«የነገው ቁራጭ ነው፤ በእጅ የሚያዝ።»

«ለእኔ ይሰጣል?»

«ይሰጣል አባባ።»

«ዋስ ጥራ።»

ሐኪሙ ግራ ገባው። ወደ ነርሷ አየ። ልብስ ሰፊው ከተኛበት ቀና ብሎ አስረዳው። «ዋስ ይጥሩ ነው የሚሉዎት ዶክተር። ቃልዎ ቢታጠፍ የሚጠየቅልዎ ሰው። እዚህ አገር በሬ ሲሸጥም፣ እርቅ ሲወርድም ያለ ዋስ አይሆንም።»

«እኔ እዚህ ከተማ ዘመድ የለኝም፣» አለ ሐኪሙ። ዙሪያውን ተመለከተና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። «ይህን ልጅ። ሳያረጋግጥ አንዲት ቁጥር አይጽፍም፤ እኔን ሲያስጨንቀኝ ነው የሚውለው።»

ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሴ ተመለከቱኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁ፤ ነገርኳቸው። አገሬን ጠየቁ፤ ነገርኳቸው። አባቴ ከብት ይዞ ገሳይ ገበያ ይወጣ እንደሆነ ጠየቁ፤ ይወጣ ነበር አልኩ።

«ዋስ ትሆናለህ?»

«እሆናለሁ።»

«ቢጠፋ ማንን ነው የምይዝ?»

«እኔን።»

«ጎረቤቴ፣ ሰምተሃል፣» አሉ ወደ ልብስ ሰፊው።

«ሰምቻለሁ አባባ። ከዚህ ልጅ ሌላ ማንንም አይያዙ።»

ከዚያ የቀዶ ሕክምናውን የፈቃድ ወረቀት ለመፈረም አውራ ጣታቸውን ለቀለሙ ዘረጉ።

ሐኪሙ ዋስ ሲለኝ ቀልዱን እንጂ እውነቱን አልመሰለኝም ነበር። በማግስቱ ግን ሰው ልኮ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍሉ አስጠራኝ። አረንጓዴ ልብስ አልብሰው፣ ጫማዬን አስወልቀው፣ አፌን ሸፍነው አስገቡኝና ከግድግዳው አጠገብ አቆሙኝ። ምንም እንዳልነካ ተነገረኝ። ከዚያ በፊት ወደዚያ ክፍል ገብቼ አላውቅም። ማደንዘዣው የወገብ ስለነበር ሽማግሌው ነቅተዋል፤ ደረታቸው ላይ ከተጋረደው ጨርቅ ወዲያ ጭንቅላታቸው ብቻ ይታየኛል።

«ዋሱ አለህ ወይ?»

«አለሁ አባባ።»

«ዓይንህን እንዳትጨፍን።»

አልጨፈንኩም። ሦስት ዓመት ያህል ስጽፈው የኖርኩትን ያን ዕለት አየሁት። ከዳር ያለው ቆዳ ጥቁር ሐምራዊ ሆኖ ደርቋል። ከሥሩ ያለው ስብ ጤነኛው ቢጫ፣ የታመመው አመድማ ነው። ሐኪሙ ጡንቻውን በመቆንጠጫ ነካ ሲያደርገው ሕያው የሆነው ይኮማተራል፤ የሞተው ዝም ይላል። ዝም ያለውን ይቆርጣል። ሕያው ጋ ሲደርስ ደም ይመጣል፤ እዚያ ላይ ያቆማል። መጽሐፉ ውስጥ በመስመር ተለይተው የተጻፉት ነገሮች እዚህ አንዱ ሌላውን ታቅፎ ነው ያለው፤ የት ላይ አንዱ አልቆ ሌላው እንደሚጀምር ለማየት ዓይን ይለምድ ዘንድ ጊዜ ይፈልጋል። ሐኪሙ ለምን ባጭሩ እንደሚጽፍ ያን ጊዜ ትንሽ ገባኝ። እጁ ያወቀውን ሁሉ ወረቀት ላይ ማውረድ ቀላል አይደለም።

መፋቂያው አጥንት ሲነካ ድምፅ አለው።

«ይሄው፣ እየፋቁኝ ነው፣» አሉ ሽማግሌው ከመጋረጃው ወዲያ። «ምን እየወጣ ነው?»

«ብናኝ ነው አባባ።»

«እሱን ተወው።»

ከዚያ ሐኪሙ መቆንጠጫውን ወደ ውስጥ አስገባ፣ ወዘወዘ፣ ቀስ ብሎ ሳበ። የወጣው ከትንሽ ጣቴ ያጠረ፣ ከዳርና ከዳር ሾጣጣ፣ የተቦረቦረ ቁራጭ ነው። ደም የለውም። ፀሐይ ላይ የከረመ እንጨት ይመስላል። ሐኪሙ ከፍ አድርጎ አሳየኝ።

«ዋሱ፣ ይሄው።»

«ወጣ?» አሉ ሽማግሌው።

«ወጣ አባባ። አይቼዋለሁ።»

ነርሷ አጥባ በፋሻ ጠቀለለችልኝ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ወደ አልጋቸው እስኪመለሱ ድረስ ያቺን ጥቅል በሁለት እጄ ይዤ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ወደ ካርድ ክፍል መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም። እትዬ ፍለጋ መጥተው አዩኝና አጠገቤ ተቀመጡ።

ሽማግሌው ጥቅሉን ፈተው እንደ በፊቱ በጥፍራቸው ፋቁት፣ አሸተቱት፣ ወደ መስኮቱ አነሱት።

«አልተቀቀለም፣» አሉ። ልጃቸውን አዩ። ያን ጊዜ ሳቁ።

እግሩ ቀስ እያለ ዳነ። ቁስሉ ከሥሩ ቀይ ሥጋ እየሞላ መጣ፤ ከጭናቸው ስስ ቆዳ ተወስዶ ተለጠፈበት። እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆዩ። በእነዚያ ሳምንታት ስሜ ተረስቶ ሁሉም ዋሱ ይለኝ ነበር። ሐኪሙ በሩ ላይ ሲያየኝ «ዋሱ መጣ» ብሎ ጥልቀቱንም ስፋቱንም ሳልጠይቀው ይነግረኛል። ልጅቷ ለአባቷ ምግብ ስታመጣ ለእኔም በሌላ ሳህን ከድና በመስኮቱ ታስቀምጥልኛለች። «ብላ፣ ጨው አለው፣» ትለኛለች። እትዬ ያን ሳህን ባዩ ቁጥር ይስላሉ። ለልጅቷ የምላት ነገር ቢኖረኝም አልተናገርኩም። በዓመቱ ሱቋን ለሌላ ሰው አስተላልፋ ተመልሳ ሄደች፤ ጅዳ ነው ያሉኝ።

አሁን የምሠራው ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሆስፒታል ነው። ወረቀት አይመጣም። ሐኪሙ ራሱ ኮምፒውተሩ ላይ ቆዳ፣ ስብ፣ ጡንቻ፣ አጥንት ከሚለው አንዱን ይመርጣል፤ ሳይመርጥ አያሳልፈውም። ይሄ ጥሩ ነው፤ እኔም ያኔ ቢኖር ብዬ እመኝ ነበር። ግን ልጠይቅ ብዬ ከወንበሬ የምነሳበት ምክንያት የለኝም። የምሠራላቸውን ሰዎች ድምፅ አላውቀውም። አንዳንድ ቀን የአጥንቱ ቁጥር ሲመጣ እጄ ቁልፉ ላይ ይቆያል፤ ያ የጥቅምት ነፋስና ያ ግቢ ይመጡብኛል።

ያኔ ኅዳር መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ከሆስፒታሉ ሲሰናበቱ ነገሩ አልቋል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን አልፈቀዱም። «ዋስ የሚወርደው ነገሩ ሲፈጸም ነው፣» አሉኝ። «አጥንቱ ገና አፈር አልገባም። ጥር ላይ ና።»

ጥር ላይ እሁድ ቀን ገሳይ ድረስ በመኪና ሄጄ ከዚያ በእግሬ ወጣሁ። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም፤ ገብሱ ታጭዶ ማሳው ባዶ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ስደርስ ቅዳሴ ወጥቶ ሽማግሌው የንስሐ አባታቸውን ይዘው ከግንቡ ሥር ይከራከራሉ።

«ለዚህች ፍትሐት አይደረግም፣» ይላሉ ቄሱ ፋሻውን እያዩ።

«ለእግር ይደረጋል ወይ?»

«ለእግርም አይደረግም። ሰውዬው ሲሞት ይደረጋል።»

«እንግዲያስ እስክሞት ይጠብቃል ነው የሚሉኝ?»

«እስኪሞቱ ይጠብቃል። ምን ቸገረዎ፣ ሥራ የለው።»

ቄሱ አንድ ጸሎት በአጭሩ ደገሙና አጥንቷ የሽማግሌው አባት ካረፉበት አጠገብ በትንሽ ጉድጓድ ገባች። ሽማግሌው ራሳቸው ጎንበስ ብለው አፈሩን መለሱ፤ ድንጋይም ጫኑበት። ቀና ሲሉ ልደግፋቸው እጄን ብዘረጋ አልያዙትም።

«ሌላው ሰው ባንድ ቀን ጠቅልሎ ይገባል፣» አሉ ድንጋዩን እያዩ። «እኔ ቀስ እያልኩ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ቄሱ እየሰሙ፣ ቆመው፣ «ዋስ፣ ወርደሃል፤» አሉኝ።

ቤታቸው ድንችና ጠላ ቀረበልኝ፤ ብላ ብላ ተባልኩ። ስነሳ ሊሸኙኝ ተነሱ። ይመለሱ፣ ቁልቁለቱ ይከብድዎታል አልኳቸው። እሺ እያሉ ይከተሉኛል። ማሳው ጫፍ ላይ ደረስን፤ አልተመለሱም። ጅረቱን ተሻገርን፤ አልተመለሱም። በኋላ ቀደሙኝ። ከኋላ ሆኜ አረማመዳቸውን አየሁ። የታመመው እግር መጀመሪያ ተረከዙ ያርፋል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ጣቶቹ ይከተላሉ፤ ዱላው መሬት የሚነካው አልፎ አልፎ ነው።

«በቃ አባባ፣ እዚህ ይብቃዎ።»

«ትንሽ ልሂድ፣» አሉ ሳይዞሩ። «ብዙ ጊዜ ተኝቻለሁ።»